በረቡዕ ቀን የቀረበልኝ ወተት

ወተት መርዝ ነው ብላ የነገረችኝ የእህቴ ልጅ ናት። የነገረችኝም በራሴ ወጥ ቤት፣ በራሴ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው፤ እኔ ገና ከሥራ ገብቼ የጥጃ ለሃጭ የደረቀበትን ሱሪዬን አልቀየርኩም ነበር። ቴክሳስ፣ አርሊንግተን ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት አብረን እንኖር ነበር፤ እሷ ለዩኒቨርሲቲው ቅርብ እንድትሆን፣ እኔ ደግሞ የሚያናግረኝ ሰው እንዳላጣ። እዚህ አገር የገባችው በአራት ዓመቷ ነው። አማርኛዋ መልካም ነው፤ ስትናደድ ግን ግማሹ ይጠፋባታል።

«ሶ፣ አክስቴ፣ ማለቴ፣ አንቺን አይደለም የምናገረው። ኢንዱስትሪውን ነው።»

«ዛሬ ሠላሳ ጥጃ ሲያጠባ የዋለው ማን ሆነና? ኢንዱስትሪው?»

«አንቺ ኢምፕሎዪ ነሽ። እሱ ሌላ ነገር ነው።»

«ያው ነው» አልኳት። «መርዝ የሚያጠባ ሰው ደመወዝተኛም ቢሆን የሚያጠባው መርዝ ነው። ስለዚህ ወይ እኔ ጥጃ ገዳይ ነኝ፣ ወይ አንቺ ውሸታም ነሽ። አንዱን ምረጪ።»

አልመረጠችም። የአኩሪ አተር ወተቷን ቀድታ ወደ ክፍሏ ገባች። ያ ጠብ ከዚያ ቀን በኋላ ከቤታችን አልወጣም።

እኔ ወተትን የማውቀው በወሬ አይደለም። ሰላሌ ውስጥ በአንድ የወተት መሰብሰቢያ ጣቢያ አሥራ አንድ ዓመት ወተት ተቀባይ ነበርኩ። ጎህ ሲቀድ ገበሬዎቹ ጀሪካንና ባልዲ ይዘው ይሰለፋሉ። ከእያንዳንዱ ጥቂት ቀድቼ ውኃ እንዳልገባበት በመመዘኛ አያለሁ፣ አድሮ እንዳልተበላሸ በአልኮል እፈትናለሁ። መመዘኛው ሲሰበር፣ ብዙ ጊዜም ይሰበር ነበር፣ መመዘኛው እኔው ነኝ። በፍስክ ቀን በምላሴ እቀምሳለሁ፣ በጾም ቀን በአፍንጫዬ አሸታለሁ። ረቡዕና ዓርብ አፍንጫዬ ተሳስቶ ያውቃል፤ ምላሴን ግን አንድም ቀን አላስነካሁም። አብራኝ የምትሠራው ሴት «ቀምሶ መትፋት መብላት ነው እንዴ?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። እኔ እንዲህ ያለውን ጥያቄ አልወድም። ጾም ላይ ድርድር ከጀመርኩ የት ላይ እንደማቆም ራሴን አላምነውም።

እዚያው ጣቢያ ያየሁት ሌላም ነገር አለ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ከተማው ወተት ያቆማል፤ ላሟ ግን ጾም አታውቅም። ገበሬው እንደ ወትሮው አልቦ ያመጣል፣ እኔ ደግሞ ግማሹን «ዛሬ አንቀበልም» ብዬ እመልሳለሁ። አንዲት ሴት ባልዲዋን እንደያዘች ቆማ «ታዲያ ምን ላድርግ፣ ላሟን ሄጄ ልንገራት?» ያለችኝ ከጆሮዬ አይወጣም። ሰው ወተት መጠጣት ሲያቆም የሚጎዳው ማን እንደሆነ ከዩኒቨርሲቲ አልተማርኩትም። ፊት ለፊቴ ቆሞ አይቼዋለሁ።

ቴክሳስ ከመጣሁ በኋላ ሌዊስቪል፣ ዌርሃውስ ውስጥ ሣጥን ሳሽግ ቆየሁ። ዌርሃውሱ ሁሉ ሰው በሚቀንስበት በዚያ ዘመን እኔም ሌይኦፍ ተደረግኩ። ከቤተ ክርስቲያን የማውቃት አንዲት ሴት ባሏ ከፎርት ዎርዝ ወዲያ ወዳለው ገጠር መኖ ያመላልስ ነበር፤ አንድ የወተት ላም እርባታ ጥጃ የሚያጠባ ሰው እንደሚፈልግ የነገረችኝ እሷ ናት። ባለ እርባታው ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው። ላም ነክተሽ ታውቂያለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ለመልሱ እንግሊዝኛ ከምፈልግ ብዬ ጣቶቼን አንዲት ጥጃ አፍ ውስጥ አስገባሁና መጥባት እስክትጀምር ጠበቅሁ። ሽማግሌው ትንሽ አዩኝና «ሰኞ ነይ» አሉኝ።

እርባታው ትልቅ አልነበረም፤ ላሞቹ ሁለት መቶ አይሞሉም። ሚስታቸው የእያንዳንዷን ስም ያውቁ ነበር። የሚበሉት ሰው የማይበላውን ነው፦ ዘይቱ የተጨመቀ የጥጥ ፍሬ፣ የቢራ ፋብሪካ አተላ፣ ድርቆሽ። እበቱ ከነሽንቱ ኩሬ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ከኩሬው ወደ ሣሩ ማሳ ይረጫል፣ ሣሩ ታጭዶ ተመልሶ ላሞቹ ፊት ይቀርባል። የእህቴ ልጅ የወጥ ቤት ጥራጊ በባልዲ ሰብስባ ለአበባ ማዳበሪያ ስታደርግ «ተፈጥሮ እንዲህ ነው» ትለኛለች። ላም ስታደርገው ግን ስሙ ፖሉሽን ነው።

ይሸታል። አይሸትም ብዬ አላውቅም። ግን ከአጥሩ ማዶ አዳዲሶቹ ቤቶች ሲሠሩ ላሞቹ እዚያው ነበሩ። ሰዎቹ ቤት ሊያዩ በመጡበት ቀን ነፋሱ በሌላ በኩል ይነፍስ ነበር መሰለኝ።

በዚያ ዓመት የኩሬው ፈቃድ፣ ፐርሚቱ፣ የሚታደስበት ጊዜ ደረሰ። ካልታደሰ ኩሬው ይዘጋል፤ ኩሬው ከተዘጋ ላም ማቆየት አይቻልም፤ ላሞቹ ከሄዱ ደግሞ ሽማግሌውና ሚስታቸው አርባ ዓመት የኖሩበት ነገር አለቀ። የኔም ሥራ አብሮ። ነገሩ ይኸው ነበር፤ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በማለቢያው ቤት ግን ማንም አያወራውም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ምግብ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ወረቀት አገኘሁ። ተማሪዎች የሚበትኑት ወረቀት ነው፤ ሰው ሁሉ ወጥቶ ፐርሚቱን እንዲቃወም ይጠራል። መሐሉ ላይ ፎቶግራፍ አለ። የኛ ኩሬ ነው። ጥግ ላይ የኔ የጥጃ ባልዲዎች ተደፍተው ይታያሉ።

«ይህን ማን አነሳው?» አልኳት።

ስልኳን እያየች «እኔ» አለችኝ።

«መቼ?»

«መኪናሽ የተበላሸ ቀን ላደርስሽ መጥቼ የለ። ያኔ።»

ያን ቀን ትዝ አለኝ። የሽማግሌው ሚስት ቁርስ ብዪ ብለው አስገብተዋት ነበር። ፓንኬኩ ወተት አለው ብላ እምቢ ስትል ምንም ሳይከፋቸው ፖም አጥበው ሰጧት።

«ፖማቸውን በልተሽ ወጥተሽ ኩሬያቸውን ፎቶ አነሳሽ» አልኳት።

«አክስቴ፣ ፖሙና ኩሬው አይገናኝም።»

«ለኔ ይገናኛል።»

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት የሰላም አልነበሩም። እሷ ወተት የስኳር በሽታ ነው ትላለች፣ ካንሰር ነው ትላለች፣ ላም በግሣቷ ዓለሙን እያሞቀች ነው ትላለች። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የማላውቀውን በሽታ አልክድም፣ አላምንምም። የማውቀውን ግን አውቃለሁ። ሰላሌ ወተቱን እስከ መጨረሻው ጠብታ ለከተማ የሚሸጥ ገበሬ አለ፣ ለልጆቹ አንድ ኩባያ የሚያስቀር ገበሬም አለ። የሁለቱ ልጆች ጎን ለጎን ቆመው ባዶ ባልዲ ሲጠብቁ ብዙ ጠዋት አይቻለሁ። የየትኛው ልጅ የየትኛው እንደሆነ ሳልጠይቅ እለያቸው ነበር። ይህን ስነግራት «እሱ አኔክዶት ነው፣ ማስረጃ አይደለም» ትለኛለች። ልጆች ነበሩ እንጂ።

ይባስ ብሎ ዐቢይ ጾም ገባ። በጾም ሻዬ ውስጥ የማደርገው ከእሷው የአኩሪ አተር ወተት ካርቶን ነው፤ እውነቱን መናገር ስላለብኝ እናገራለሁ። ካርቶኑን ከፍሪጁ ሳወጣ ከኋላዬ መጥታ ትቆማለች።

«ዌልካም ቱ ቪጋን» ትለኛለች፤ ቪጋን የሚሏቸው ከእንስሳ የሚገኝ ምንም ነገር የማይበሉትን ነው።

«ጾመኛ ነኝ።»

«ዲፈረንሱ ምንድነው?»

«አንቺ በላሟ ላይ ትፈርጃለሽ። እኔ በራሴ ላይ ነው።»

«ኦኬ» አለች፤ ኦኬዋ ግን ምራቅ እንደ መትፋት ነበር።

የስብሰባው ቀን ረቡዕ ሆነ፤ ከሥራ ሰዓት በኋላ፣ በትንሿ ከተማ ትምህርት ቤት የምግብ አዳራሽ ውስጥ። የፐርሚቱ መሥሪያ ቤት ሰዎች መጥተው የሕዝቡን አስተያየት ይሰማሉ ተባለ። ሽማግሌው አንድ ጠዋት ጥጆቹ ጋ መጥተው አጥሩን ተደገፉ። የሰው ውለታ መጠየቅ የማይሆንላቸው ሰው ናቸው።

«ጎረቤቶቼ እኔን ሰልችተውኛል» አሉኝ። «ለላሞቹ ጥብቅና የቆመ ነው ይሉኛል። አንቺ ግን ወተት መርምረሽ የኖርሽ ሰው ነሽ። ብትናገሪልኝ?»

እሺ አልኳቸው። እንግሊዝኛዬ ለጥጃ ይበቃል፣ ለስብሰባ አይበቃም፤ የሚያስተረጉምልኝ ሰው ደግሞ በማውቃቸው ሁሉ ፈልጌ አጣሁ፤ በዚያ ሰዓት ሁሉም ሥራ ላይ ነው። የቀረችኝ አንዲት ሰው ናት፣ እሷም በማዶ በኩል የምትቀመጥ ናት። ወደ ክፍሏ ሄጄ በሩን አንኳኳሁ።

«አስተርጉሚልኝ» አልኳት።

ሳቀች። «ሲሪየስ ነሽ? ለእነሱ?»

«ለኔ።»

«ኦኬ። ግን የምትይውን ቃል በቃል ነው። አላሳምርልሽም። ስለ ኩሬውም ትናገሪያለሽ። ባለፈው ዓመት ሲሞላ አይተሻል፣ ራስሽ ነግረሽኛል» አለችኝ።

እውነት ነው፣ ነግሬያት ነበር። ዘመዴ ናት ብዬ ነው የነገርኳት።

«እናገራለሁ» አልኳት። «አንቺም ቃል በቃል። አንድም ሳታስቀሪ።»

«ፕሮሚስ።»

ረቡዕ ዕለት ከነሥራ ልብሴ ነው የገባሁት። የመኪና ማቆሚያው ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል፤ ፕላኔቷን ሊያድኑ የመጡት ተማሪዎች አብዛኞቹ የየራሳቸውን መኪና ነድተው ነው የመጡት። በዚያ አገር ያለ መኪና የትም አይደረስም፤ አልፈርድባቸውም። ብቻ እነሱም እንደዚሁ ቢያስቡልን ብዬ ነበር። በአዳራሹ ግራ በኩል የአዳዲሶቹ ቤቶች ሰዎችና ተማሪዎቹ ተቀምጠዋል፣ በቀኝ በኩል ሽማግሌው፣ ሚስታቸውና ጥቂት ገበሬዎች። ሽማግሌው በግራው በኩል አንድ ሰው አይተው ፊታቸውን አዞሩ። ሠላሳ ዓመት ድርቆሽ የሸጠላቸው ጎረቤታቸው ነበር።

ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ይሰጣል፣ ማስተርጎሙም በዚያው ውስጥ ነው ተባልን። ጠረጴዛው ላይ ሰዓት አለ፣ ሲያልቅ ይጮሃል። ተራዬ ሲደርስ የእህቴ ልጅ ከግራው በኩል ተነስታ መጥታ ከአጠገቤ ቆመች። በአዳራሹ ጉርምርምታ ተሰማ። እሷም ሰማችው፤ ጆሮዋ ቀላ።

ወተት ተቀባይ እንደነበርኩ ተናገርኩ። «አሥራ አንድ ዓመት የተበላሸ ወተት ስመልስ ነው የኖርኩት። የዚህ ሰውዬ ወተት ቢበላሽ ኖሮ ከእናንተ ቀድሜ እኔ እመልሰው ነበር» አልኩ። ተረጎመችው። ስለ ሰላሌ ልጆች ተናገርኩ። «ወተት መድኃኒት ነው አልልም። የማይስማማው ሆድ አለ፤ እሱ አይጠጣ። መርዝ ማለት ግን በልጆቹ ላይ መዋሸት ነው» አልኩ። ተረጎመችው። እያየኋት ነበር፤ አላሳመረችም፣ አላበላሸችም።

«ይህን እርባታ ብታስዘጉት ላሞቹ ወደ ሰማይ አያርጉም» አልኩ። «ከዚህ አሥር እጥፍ ወደሚበልጥ እርባታ ነው የሚጫኑት። ኩሬው ከእናንተ ዓይን ይርቃል እንጂ ከምድር አይጠፋም።»

በቀኝ በኩል አንድ ሰው አጨበጨበ። እዚያ ላይ ባበቃ ኖሮ። ቃል ገብቼ ነበርና ቀጠልኩ። «ባለፈው ዓመት ትልቁ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ኩሬው ሞልቶ ወደ ቦዩ ፈሷል። በዓይኔ አይቻለሁ። በማግስቱ ሽማግሌው ዳሩን በአፈር ከፍ ሲያደርጉትም በዓይኔ አይቻለሁ።»

እሷ ስትተረጉመው ግራው በኩል ተነቃነቀ። ስለ አፈሩ የሰማ የለም። የሽማግሌውን ፊት ማየት አልቻልኩም።

ከአዲሶቹ ቤቶች አንድ ጎልማሳ ሰው ተነሳ። ጥያቄ አይፈቀድም ሲሉት ጥያቄ አይደለም አለ። በእጁ የኛን ጠርሙስ ይዟል፤ የሽማግሌው ሚስት በር ላይ የሚሸጡትን፣ በዚያው ቀን የገዛውን። በወረቀት ኩባያ ቀድቶ መጣና ጠረጴዛው ላይ፣ እፊቴ አስቀመጠው።

«ይህን ያህል ንጹሕ ከሆነ ጠጪው» አለ።

ወተቱን አየሁት። ጥሩ ወተት ነው፤ ስባቱ ኩባያው ጠርዝ ላይ ይዟል። ሽታውን ከቆምኩበት አውቀዋለሁ። የየትኛው ጠዋት ወተት እንደሆነ ሁሉ ልናገር እችል ነበር። የሽማግሌው ሚስት ከመቀመጫቸው ወደፊት ዘንበል ብለው በዓይናቸው «ጠጪው» ይሉኛል።

«ጾም ነው» አልኩ።

የእህቴ ልጅ አየችኝና ተረጎመችው። ሥጋና ወተት የማትበላበት ጾም ላይ ናት አለች። ሳቅ ሆነ። ክፉ ሳቅ እንኳ አይደለም፤ የእውነት ነው የሳቁት፣ ያ ነው የባሰው። አንዲት ተማሪ ከተቀመጠችበት «በዓመት ስንት ቀን ነው የምትጾመው?» ብላ ጮኸች።

መልስ አትስጪ የሚለኝ ሰው በጎኔ አልነበረም። የተጠየቅሁትን እውነቱን እየመለስኩ ስላደግሁ «ከግማሽ ዓመት ይበልጣል» አልኩ። እሷም ቃል በቃል ተረጎመችው።

«ታዲያ ጤነኛ ናት» አለ ያ ሰው ወደ ሕዝቡ ዞሮ። «የወተት ምስክራችን ከግማሽ ዓመት በላይ ያለ ወተት ትኖራለች። ሌላ ምን ቀረ?»

ያን ጊዜ ነው ቃሉ የመጣልኝ። ወደ ሰውየው ዞሬ «ሰው ከመርዝ አይጾምም» አልኩ። «የምንጾመው ጥሩውን ነው። ጥሩ ባይሆንማ መተዉ ለእግዚአብሔር ምን ይሆነዋል?»

የእህቴ ልጅ አፏን ከፈተች። ሰዓቱ ጮኸ። ከመሥሪያ ቤቱ የመጣው ሰው አመሰግናለሁ ብሎ የሚቀጥለውን ስም ጠራ። ቃሌ በዚያ አዳራሽ ውስጥ በአማርኛ ቀረ።

ውጪ፣ መኪናዎቹ መሐል፣ የሽማግሌው ሚስት ጠበቁኝ። ስለ ኩሬው የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። ስለ ኩሬው አንድም ቃል አልተናገሩም።

«አንድ ጉንጭ» አሉኝ። «አንድ ጉንጭ ምን ያደርግሽ ነበር?»

ሽማግሌው የመኪናውን በር ከፍተው ሲጠብቋቸው ገብተው ሄዱ።

ወደ አርሊንግተን የተመለስነው በእሷ መኪና ነው። ፎርት ዎርዝን ስናልፍ «ማለቴ፣ ፌር ነበርኩ አይደል?» አለችኝ።

ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። ጎሽ እንዲሉኝ ነበር የደወልኩት፣ አልዋሽም። ሁሉን ሰምተው «ባለመጠጣትሽ መልካም አደረግሽ፣ ልጄ» አሉኝ። ቀጥለውም «ጾምሽን ለክርክር ባታውዪው ግን ይበልጥ ደስ ይለኝ ነበር» አሉ። እሳቸው ያን ኩባያ አላዩትም ብዬ ተናደድኩ። ለዚህም ንስሐ ገብቻለሁ፤ ግን ቆይቼ ነው።

የመሥሪያ ቤቱ ውሳኔ እስኪመጣ አልጠበቁም። ሽማግሌው ከሁለት ሳምንት በኋላ ጥጆቹ ጋ መጥተው አጥሩን ተደገፉና ሊተዉት እንደሆነ ነገሩኝ። ፐርሚቱ ምናልባት ይታደስ ነበር አሉ። «ሰዎቹ ሲስቁ ግን አየኋቸው» አሉኝ። «ከሚስቁብኝ ሰዎች አጠገብ ላም አላልብም።» ሌላ አልጨመሩም። የኔን ስም ሳያነሱ ነው የተናገሩት፣ ግን ማን እንዳሳቃቸው ሁለታችንም እናውቃለን።

ላሞቹን የወሰዳቸው ከዚያ ራቅ ያለ ትልቅ እርባታ ነው። መጫኑ አንድ ሙሉ ቀን ፈጀ። ሚስታቸው በረንዳ ላይ ቆመው እያንዳንዷን በስሟ ሲጠሩ ሰማኋቸው፣ ለማንም አይደለም፣ እንዲያው። የኔ ጥጆች ለመጨረሻ ሲጫኑ አንደኛዋ ጣቶቼን አልለቅም አለች። ማንም ፎቶግራፍ ለማንሳት አልመጣም። ወደ አዲሱ እርባታም የሄደ ተማሪ መኖሩን አልሰማሁም፤ እዚያ አጠገብ የሰው ቤት የለም።

ፋሲካ መጣ። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድሬ ጠዋት ስገባ የእህቴ ልጅ ነቅታ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ አገኘኋት። እንኳን አደረሰሽ አለችኝ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን አልኳት።

«አክስቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ።»

«በይ።»

«የዚያን ቀን... የመጨረሻውን ነገር። ከመርዝ አይጾምም ያልሽውን።» የካርቶኑን ክዳን ታዞራለች። «ጊዜ ነበረኝ። ሰዓቱ ሳይጮህ ሰከንዶች ነበሩ። ከፈት አደረግሁ አፌን፣ ከዚያ... ጥሩ ነገር ነበር። በጣም ጥሩ። ሶ ጠበቅሁ። እስኪጮህ።»

ጫማዬን አላወለቅኩም ነበር። እንደቆምኩ ቀረሁ።

«ፕሮሚስ ብለሽ ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«እኔ ኩሬውን ተናግሬያለሁ።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ።»

በዚያ ጠዋት ሰው ይቅር ማለት እንዳለበት አውቃለሁ። ከቅዳሴው ወጥቼ ከመጣሁ አንድ ሰዓት አልሆነኝም። ይቅር ብዬሻለሁ አልኳት፤ በአፌ ነበር፣ በልቤ ሲደርስ ሰንብቷል። «ግን ዕዳሽን የምትከፍዪው ለኔ አይደለም» አልኳት። «ረቡዕ ትምህርት የለሽም አይደል? ሽማግሌው ቤት እንሄዳለን።»

በትንሣኤው ሳምንት ረቡዕ ሄድን። ማለቢያው ቤት በሩ ተከፍቶ ባዶውን ቆሟል። ኩሬው እንዳለ ነው፤ ሽታውም እንዳለ ነው። ሽማግሌው አስገቡን። ሚስታቸው ሰላምታዬን ቢቀበሉም እጃቸውን አልሰጡኝም። የእህቴ ልጅ ያን ጊዜ ፖም በበላችበት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። ፎቶውን እሷ እንዳነሳችው ነገረቻቸው። ከዚያ ቀና ብላ በዚያ አዳራሽ የቀረውን ቃል በቃል ተናገረችው። ሰው ከመርዝ አይጾምም። የምንጾመው ጥሩውን ነው። ጥሩ ባይሆንማ መተዉ ለእግዚአብሔር ምን ይሆነዋል።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «መጀመሪያ መናገር የነበረብሽ ይህን ነው» አሉኝ።

«መጀመሪያ አልመጣልኝም» አልኳቸው።

ሚስታቸው ተነስተው ፍሪጁን ከፈቱ። የፕላስቲክ ጋሎን አወጡ፤ ከሱፐርማርኬት የተገዛ ወተት ነው፣ ዋጋው የተለጠፈበት። አርባ ዓመት በዚያ ቤት ፍሪጅ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ገብቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። በብርጭቆ ቀዱና እፊቴ አኖሩት፤ ብርጭቆው ጠረጴዛውን ሲነካ ድምፅ አሰማ።

«ዛሬም ረቡዕ ነው» አሉኝ።

«ረቡዕ ነው» አልኩ። «ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ግን ረቡዕም ዓርብም ጾም የለም።»

የእህቴ ልጅ ተረጎመችው። ቃል በቃል።

ሚስታቸው እጃቸውን አጣምረው ከፊቴ ቆሙ። የሚጠብቁት መልስ አልነበረም። ብርጭቆውን አነሳሁ። ሽታ አልነበረውም፤ ከየትኛው ላም፣ ከየትኛው ጠዋት እንደሆነ አፍንጫዬ ሊነግረኝ አልቻለም። እስከ መጨረሻው ጠጣሁት። ላሞቹ ከሄዱ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነበር።